ቀይ ጎኒዮፖራ (ኮራል)፦ ግማሽ ጎኑ አይከፈትም፣ ከሥር በኩል ሥጋው እየሸሸ ነው (ሱሉልታ፣ 240 ሊትር)

ደጋ ላይ ባሕር ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

አኳሪየሙ 120 በ40 በ50 ሳንቲ ነው። ዓለቱና አሸዋው ተቀንሶ፣ የታችኛው ሰምፕ (ማጣሪያዎቹ ያሉበት ገንዳ) ተደምሮ፣ 220 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። የተቀመጠው ሳሎን ውስጥ ነው። ሁለት ክላውንፊሽና አንድ ጎቢ የሚባሉ ዓሦች አሉበት። ኮራሉ 9 ሳንቲ ስፋት ያለው ቀይ ጎኒዮፖራ ሲሆን ከገባ 5 ሳምንት ሆነው፤ አሸዋው ላይ፣ ከዓለቱ ሥር ነው ያለው።

ጠዋት መብራቱ ከበራ በኋላ ፖሊፖቹ (አበባ የሚመስሉት የኮራሉ አፎች) እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ተሰብስበው ይቆያሉ። ከዚያ ከፊት ለፊት ያሉት እስከ 5 ሳንቲ ይዘረጋሉ። በጀርባ በኩል ያሉት ግን ከ10 ቀን ወዲህ ጭራሽ አልወጡም። በዚያው ጎን፣ ከታች ጠርዙ ላይ ሥጋው 1 ሳንቲ ተኩል ያህል ሸሽቶ ነጭ አጽሙ ታይቷል። ቡናማ ዝልግልግ ነገር የለበትም፣ መጥፎ ሽታም የለውም።

የውሃው ልክ ይህን ይመስላል፦ ሙቀት ቀን 25.2፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ 22.6። ጨዋማነት በሺህ 35 (የጨው መለኪያው ሪፍራክቶሜትር በቧንቧ ውሃ ዜሮ ተደርጎ)። ፒኤች ማታ 8.1፣ ጠዋት 7.8። አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ፣ በዲኬኤች የሚለካ) እሁድ ቤኪንግ ሶዳ ከመግባቱ በፊት 7.2 ዲኬኤች፣ ሰኞ ጠዋት 10.1። ካልሲየም 430፣ ማግኒዥየም 1320፣ ናይትሬት 1፣ ፎስፌት 0.00፤ እነዚህ አራቱ በሚሊግራም በሊትር።

ዕቃዎቹ፦ አንድ 100 ዋት ማሞቂያ፣ ስኪመር (በአየር አረፋ ቆሻሻ የሚያወጣ)፣ ፎስፌት የሚስብ ጂኤፍኦ በከረጢት፣ ሁለት የሞገድ ፓምፕ፣ 165 ዋት ኤልኢዲ (ሰማያዊው 60፣ ነጩ 20 ከመቶ፤ ከጠዋቱ 4 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት)። ለአልካሊኒቲ በሳምንት አንዴ፣ እሁድ፣ 20 ግራም ቤኪንግ ሶዳ። በሳምንት 10 ከመቶ ውሃ ይቀየራል። ውሃው ከአርኦ ማጣሪያ (በግፊት በስስ ሜምብሬን የሚያጣራ) ሲወጣ ቲዲኤሱ (የተሟሟ ነገር ልኩ) 14 ነው፤ ማጣሪያው ውሃ የሚያገኘው ከሮቶ ነው። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ በአንዴ ለ2 እስከ 6 ሰዓት ያህል ይጠፋል።

ቦታውን ልቀይርለት? አዮዲን ውስጥ ልንከረው? ማንጋኒዝ ይፈልጋል የሚባለውስ?

ሃያ አራት ጣት መለሰ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፖሊፑ ጫፍ ላይ ያሉትን ጣቶች ቁጠር። 24 ከሆኑ ጎኒዮፖራ ነው፤ 12 ከሆኑ አልቪዮፖራ የሚባለው ተመሳሳይ ኮራል። አያያዛቸው ስለሚቀራረብ ብዙ አያስጨንቅም፤ ግን ምን እንደያዝክ ማወቁ ይጠቅማል። ቀይ መሆኑ ደግ ነው። ለዚህ ዘር መጥፎ ስም ያተረፈለት አሸዋ ላይ እንደ ኳስ ልቅ ሆኖ የሚኖረው ስቶክሲ የሚባለው አረንጓዴ ዝርያ ነው፤ ቀዮቹ ከእሱ የተሻለ ይችላሉ።

ጥፋቱ አልካሊኒቲው ላይ ነው። ጎኒዮፖራ በ7.2ም በ10.1ም ይኖራል፤ የማይችለው በአንድ ሌሊት ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለሉን ነው። ሥጋው የሚቆራመተው፣ ፖሊፑም የሚሰበሰበው በዚህ ነው። በቀን ከግማሽ ዲኬኤች በላይ ሊንቀሳቀስ አይገባም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 3 ግራም ንጹሕ ቤኪንግ ሶዳ 100 ሊትር ውሃን በ1 ዲኬኤች ያነሳል። ላንተ 220 ሊትር 6.6 ግራም ማለት ነው። 20 ግራም ስትጨምር 3 ዲኬኤች አነሳህ፤ መለኪያህም 2.9 አሳይቷል፤ ስለዚህ ቴስት ኪትህ ደህና ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያው 3 ዲኬኤች ስለሚወርድ የቀን ፍጆታህ 0.43 ዲኬኤች፣ በሶዳ 2.9 ግራም ገደማ ነው።

60 ግራም ሶዳ የአርኦ ውሃ ውስጥ አሟሟና ጠቅላላው 1 ሊትር እስኪሞላ ውሃ ጨምርበት። ሰዎች 80 ግራም ያደርጉታል፤ በሞቃት ቤት ይሠራል፣ ሱሉልታ ላይ ግን ክፍሉ ሌሊት 10 ዲግሪ ሲገባ የመሟሟቱ ወሰን ላይ ስለሚደርስ ከሥር ይዘቅጥና ልክህን ያዛባብሃል። ከዚህ 24 ሚሊ ጠዋት፣ 24 ሚሊ ማታ በስሪንጅ፣ ሰምፑ ውስጥ ውሃው በሚናጥበት ቦታ ጠብ ጠብ አድርገህ ጨምር። በዚህ እሁድ የምትጨምረውን ተው። አልካሊኒቲው በራሱ ወርዶ 8.3 ሲደርስ የቀን መጠኑን ጀምር። ለመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለካ፤ በ3 ቀን ውስጥ ከ0.3 በላይ ከወጣ 4 ሚሊ ቀንስ፣ ከወረደ 4 ሚሊ ጨምር።

ሱቅ ስትሄድ ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር እንዳይምታታብህ። ፓውደሩ አሲድና ስታርች ያለበት የኬክ ዱቄት ነው፤ አኳሪየም ውስጥ ቦታ የለውም።

ካልሲየሙ ለጊዜው ይበቃሃል። አልካሊኒቲ በ2.8 ዲኬኤች ሲበላ ካልሲየም በ20 ሚሊግራም በሊትር አብሮ ይወርዳል። ያንተ በሳምንት 21 ገደማ ነው፤ የውሃ ቅያሬው ካልሸፈነልህ በካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት 17 ግራም ያህል በሳምንት ይሆናል። እሱንም ከፋፍለህ፣ በሌላ ጠርሙስ፣ ከሶዳው በብዙ ደቂቃ አራርቀህ። ሁለቱ ጠርሙስ ውስጥ ከተገናኙ ነጭ ጭቃ ሆነው ይቀራሉ። የግንባታ ኖራ በጥብጣችሁ ጨምሩ የሚል ምክር ደግሞ አልፎ አልፎ ይሰማል። በካልክቫሰር (ለኮራል አኳሪየም የሚዘጋጀው የኖራ ውሃ) የሚገባው ንጹሕ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ የግንባታው ኖራ ከምን ጋር እንደተቃጠለ የሚያውቅ የለም።

ሌላው፣ ያን የጂኤፍኦ ከረጢት ዛሬውኑ አውጣው። ፎስፌት 0.00 እና ናይትሬት 1 ጎኒዮፖራን ማስራብ ነው። ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.08፣ ናይትሬት ከ5 እስከ 10 ድረስ ቀስ ብሎ ይውጣ፤ ለዓሦቹ መኖ ጨመር ማድረግ ብቻውን ያደርሰዋል። ውሃው ሲራብ አልካሊኒቲው ከፍ ካለ ጉዳቱ ይብሳል፤ 8.3 ያልኩህም ለዚህ ነው።

ባለ ማጣሪያ መለሰ፦

ስለ ሶዳው የተባለው ልክ ነው። እርስዎ ከጻፉት ውስጥ ግን የሪፍራክቶሜትሩ ነገር ሌሎቹን ቁጥሮች ሁሉ ሊያናውጥ ይችላል። በዜሮ የተስተካከለ ርካሽ ሪፍራክቶሜትር ዜሮ ላይ ልክ ሆኖ 35 ላይ በ2 ወይም በ3 ሊስት ይችላል። መስተካከል ያለበት በሚለካበት አካባቢ ነው።

የማስተካከያውን ፈሳሽ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ነጭ ጥሩ የገበታ ጨው ምድጃ ውስጥ ከ100 ዲግሪ በላይ ለ1 ሰዓት ይድረቅ (ጨው እርጥበት ስለሚስብ ሳይደርቅ ቢመዘን ልኩ ይዋሻል)፤ ከቀዘቀዘ በኋላ 36.5 ግራም ይመዘንና በ963.5 ግራም የአርኦ ውሃ ይሟሟ። ውሃው በሊትር ሳይሆን በግራም ይመዘን። ይህ ፈሳሽ ብርሃን የሚሰብርበት ልክ 35 ከሆነው የባሕር ውሃ ጋር እኩል ስለሆነ መሣሪያው 35 ማሳየት አለበት። አዮዲን ያለው ጨው ቢሆንም መጠኑ ኢምንት ስለሆነ ልኩን አይለውጥም። ፈሳሹና መሣሪያው የክፍሉን ሙቀት እኩል እስኪይዙ ሩብ ሰዓት ይቆዩ።

ቲዲኤስ 14 ለሪፍ (ለኮራል አኳሪየም) ከፍተኛ ነው። ምክንያቱ ሜምብሬኑ ማርጀቱ ላይሆን ይችላል። ሮቶው 5 ሜትር ከፍታ ላይ ከተቀመጠ የሚሰጠው ግፊት ግማሽ ባር ብቻ ነው፤ 10 ሜትር ነው 1 ባር የሚሆነው። የአርኦ ሜምብሬን ግን ቢያንስ 3.5 ባር ይፈልጋል። ግፊት ሲያንስ ንጹሑ ውሃ ይቀንሳል፣ ጨው የማስቀረት አቅሙም ይወርዳል። 24 ቮልት የግፊት ፓምፕ ከሜምብሬኑ በፊት ይግባ፤ ሮቶው ሲደርቅ ፓምፑ በባዶ እንዳይዞር አነስተኛ ግፊት ሲሆን የሚያጠፋ ማብሪያ ይታከልበት። የውሃው ቅዝቃዜም አለ፤ በየዲግሪው ምርቱ 3 ከመቶ ያህል ስለሚቀንስ 15 ዲግሪ ውሃ 25 ዲግሪ ላይ ተለክቶ ሜምብሬኑ ላይ ከተጻፈው ሩብ ያህሉን ያጎድላል። ያ ብልሽት አይደለም።

ከሜምብሬኑ በኋላ ዲአይ ሬዚን (ቀሪውን የተሟሟ ነገር የሚይዝ ማጣሪያ) ተጨምሮ ቲዲኤሱ 0 ይሁን። የከርሰ ምድር ውሃ የሚጠቀሙ ከሆነ ሬዚኑ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል፤ የጉድጓድ ውሃ የተሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚይዝ ሜምብሬኑ አያስቀረውም፣ ሬዚኑ ላይ ያልፋል። የአርኦውን ውሃ በርሜል ውስጥ በአየር ድንጋይ አንድ ሌሊት አናፍሶ ከዚያ በሬዚን ማሳለፍ ሬዚኑን ያቆየዋል። በእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ ያለፈ ውሃ ሲሊካውም ብዙ ነው፤ ቡናማ የዱቄት መሳይ አልጌ መስታወቱ ላይ ከታየ እሱ ነው፣ ኮራሉን ግን በቀጥታ አይጎዳም።

በቦቴ የሚመጣ ውሃ ሲሆን ክሎሪኑ አንድ ጊዜ ይበዛል፣ አንድ ጊዜ ይጠፋል። የካርቦን ማጣሪያው በጊዜው ካልተቀየረ ሜምብሬኑን የሚበላው ክሎሪን ነው።

ውርጭ መለሰ፦

2.6 ዲግሪ የቀንና የሌሊት ልዩነት ብቻውን ፖሊፕ ተሰብስቦ እንዲቆይ ያደርጋል። ጠዋት እስከ 7 ሰዓት የማይከፈተው ከአልካሊኒቲው ይልቅ በዚህ ይመስለኛል፤ ውሃው ተመልሶ እስኪሞቅ ነው የሚጠብቀው።

በክረምት ሐምሌና ነሐሴ፣ በበጋ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት የውርጭ ሌሊቶች፣ እዚያ አካባቢ 100 ዋት ለ220 ሊትር አይበቃም። ሁለት ባለ 150 ዋት አስገባ። አንድ ባለ 300 አይሁን፤ የማሞቂያ ቴርሞስታት ሲበላሽ ብዙ ጊዜ እንደበራ ይቀራል፣ ባለ 300ው ዓሣውን ይቀቅላል፣ ባለ 150ው ግን ሙቀቱን ቀስ ብሎ ነው የሚያነሳው፤ ሰው ይደርስበታል። ሁለቱንም በውጭ መቆጣጠሪያ 25.0 ላይ አስራቸው። ማሞቂያዎቹና ፓምፖቹ በአንድ ዲቫይደር ላይ አይሁኑ፤ ገመዱም ከሶኬቱ በታች ወርዶ ይታጠፍ፣ ጠብታ ተንሸራቶ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ። ከአኳሪየሙ ሥር፣ ጀርባና ጎን 2 ሳንቲ ፎም ብትለጥፍ ማሞቂያው የሚሠራበት ሰዓት በግልጽ ይቀንሳል። የመብራቱ ኃይል የሚዋዥቅ ከሆነ ስታቢላይዘር አስፈላጊ ነው፤ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳዎችን የሚያቃጥለው መጥፋቱ ሳይሆን ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልት ነው። በተቻለ መጠን ፓምፖቹን ከ5 ደቂቃ በኋላ የሚያበራ ማዘግያ ይኑረው።

መብራት ሲጠፋ ቅደም ተከተሉ አየር፣ ከዚያ ሙቀት ነው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል ወደ 2700 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። 25 ዲግሪ ላይ ያለ የባሕር ውሃ በባሕር ወለል 6.7 ሚሊግራም ኦክስጅን በሊትር ሲይዝ፣ ሱሉልታ ላይ ቢሞላም ከ4.8 ገደማ አያልፍም። የውጭ መጻሕፍት ላይ ለ240 ሊትር የተጻፈውን የዓሣ ብዛት እዚህ አትውሰድ። ያንተ ሦስት ዓሣ ልክ ነው፤ እዚያው ላይ ቁም። የውሃው ገጽ ሌሊትም መናጥ አለበት።

ለአየር ቀላሉ በዩኤስቢ የሚሠራ 2 ዋት የአየር ፓምፕ ነው። 20000 ሚሊአምፒር ሰዓት የኃይል ባንክ 74 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ብክነቱ ተቀንሶ ወደ 60 ቢቀር 30 ሰዓት ያስኬደዋል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የመኪና ዓይነት ባትሪ ካለህ ግማሹን ብቻ ተጠቀም፣ 600 ዋት ሰዓት ነው፤ 20 ዋት የዲሲ ፓምፕን 30 ሰዓት ያዞራል። ማሞቂያ ግን በባትሪ አትሞክር። ያንተን 220 ሊትር በ1 ዲግሪ ለማንሳት 0.26 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ያ ሁሉ ባትሪ 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚሰጥህ።

ለሙቀት ሃይላንድ ነው መፍትሔው። ባለ 1 ተኩል ሊትር አራት ባዶ ጠርሙስ፣ 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ሙላና በደንብ ከድነህ ሰምፑ ላይ አንሳፍፋቸው። ቀዝቅዘው ወደ 25 እስኪወርዱ አራቱ ተደምረው 1 ዲግሪ ያህል ያነሱልሃል። የፈላ ውሃ አትጨምር፣ ላስቲኩ ይጨማደዳል። ጠርሙሶቹ ሲገቡ ውሃው ከፍ ስለሚል የሰምፑን ከንፈር ቀድመህ እይ፤ ፓምፑ ቆሞ ከላይ የሚወርደው ውሃም እዚያው ነው የሚያርፈው።

ፒኤቹን በተመለከተ። በዚያ ከፍታ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊትም ስለሚያንስ፣ ንጹሕ አየር ቢያገኝ ፒኤችህ ከባሕር ዳር አኳሪየም 0.1 ያህል ከፍ ማለት ነበረበት። ሌሊት በመጠኑ መውረዱ ያለ ነው፤ 7.8 ግን ሳሎኑ ተዘግቶ ያደረ አየር ነው። ማታ ቡና ከሰል ላይ ተፈልቶ መስኮት ከተዘጋ ስኪመሩ ያንኑ አየር እየሳበ ውሃው ውስጥ ይከተዋል። የስኪመሩን የአየር ቱቦ በመስኮት ጠርዝ ወደ ውጭ አውጣው፤ ጫፉ ላይ የስፖንጅ ቁራጭ አድርግ፣ በበጋ አቧራ አለ። ከሰሉንም ውጭ ማቀጣጠል ለሰውም ይሻላል። እጣኑ በዚህ ደረጃ አያሳስበኝም፤ ፍሊትና በረኪና ግን አኳሪየሙ ባለበት ክፍል አይነካ። አክቲቬትድ ካርቦን (ውሃ የሚያጠራ ልዩ ከሰል) ስትፈልግ ደግሞ የምድጃ ከሰል ወቅጠው የሚጨምሩ አሉ። እሱ አይደለም።

ለገጣፎ ሪፍ መለሰ፦

ኮራል ሲታመም «አትንካው» በሚለው የተለመደ ምክር ላይ በግማሽ ነው የምስማማው። ሙቀትና አልካሊኒቲ ቢሆን ኖሮ ኮራሉ ዙሪያውን እኩል ይሰበሰብ ነበር። አንድ ጎን ብቻ ሲሸሽ በዚያ ጎን ያለ ነገር አለ።

ሦስት ነገር እይ። አንደኛ፣ ከዓለቱ ሥር ጀርባው ላይ ውሃ የማይንቀሳቀስበት ኪስ ካለ እዳሪና ትርፍራፊ ይከማቻል፤ ከታች ጠርዝ የጀመረ መሸሽ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ክላውንፊሾቹ። መኖሪያቸው የሆነውን አኔሞን (አበባ መሳይ የባሕር እንስሳ) ሲያጡ ጎኒዮፖራን ቤት ያደርጉታል፣ ቀን ሙሉ ይታሹበታል፤ ኮራሉም ያንን ጎን ይዘጋዋል። መብራቱ ከጠፋ በኋላ የት እንደሚያድሩ ተመልከት። ሦስተኛ፣ ጎኒዮፖራን ብቻ የሚበላ ትንሽ ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣ፣ ኑዲብራንክ፣ አለ። ቀለሙ ከኮራሉ ጋር ስለሚመሳሰል ቀን አይታይም። መብራት ከጠፋ ከ2 ሰዓት በኋላ በቀይ ባትሪ መብራት ጀርባውንና የተራቆተውን አጽም ፈትሽ፤ ነጭ የተጠቀለለ የእንቁላል ክር ካየህ ጥያቄው አበቃ።

ስለዚህ ኮራሉን ከተሰበሰበ በኋላ፣ ጠዋት፣ ሥጋውን ሳትነካ አጽሙን ከሥር ይዘህ ከዓለቱ 10 ሳንቲ አርቀው፤ አሸዋው ላይ ቀጥታ ከማስቀመጥ 3 ወይም 4 ሳንቲ ከፍ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ። ብርሃን የሚቀበለውን ፊት አትቀይርበት። አንዴ ካስቀመጥከው ለ3 ሳምንት አትመለስበት፤ በየቀኑ የሚዛወር ጎኒዮፖራ ሲከፈት አይታይም።

ሞገዱ ቀጥታ አይምታው። ልኩ በዓይን ይታወቃል፦ የተከፈቱት ፖሊፖች ነፋስ እንደነካው የጤፍ ማሳ ወዲያ ወዲህ ካሉ ደህና፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተኝተው ከቀሩ በዛ፤ ጫፋቸው ላይ ብናኝ ካረፈ አነሰ። ሁለቱን ፓምፖች ፊት ለፊት አጋጭተህ እየተፈራረቁ እንዲሠሩ አድርግ። ከሌሎች ኮራሎች ደግሞ 15 ሳንቲ ይራቅ፤ ሲያድግ ፖሊፑ ይረዝማል፣ የሚነካውን ይለበልባል፣ ዩፊሊያ ከሚባለው ኮራል ጋር ሲነካካ ግን ተሸናፊው እሱ ነው።

ብርሃኑ ከ80 እስከ 150 ፓር (ኮራል የሚጠቀምበት የብርሃን መለኪያ) ይበቃዋል። በስልክ የሉክስ መተግበሪያ አትለካ፤ ሰማያዊ ብርሃንን በትክክል አያነብም።

አሁን ወደ ጥያቄዎችህ። አዮዲን፦ ቡናማ ዝልግልግ ከሌለ አትንከረው፣ የተዳከመን ኮራል ይጨምርበታል። ዝልግልጉ ከመጣ ግን ሰዓት አታባክን። ፓምፑን አቁመህ በስሪንጅና በቱቦ ስበህ አውጣው፤ ወደ ውሃው እንዲበተን ካደረግክ ሌላውን ኮራል ይይዛል። ከዚያ ሞቷል ከምትለው መስመር 1 ሳንቲ ወደ ጤነኛው ገብተህ ቁረጥ፤ ቀሪውን በ1 ሊትር የአኳሪየሙ ውሃ 5 ከመቶ ሉጎል (የአዮዲን ፈሳሽ) ከ5 እስከ 10 ጠብታ ጨምረህ ለ10 ደቂቃ ንከረው። የነከርክበት ውሃ ወደ አኳሪየሙ አይመለስ። ኑዲብራንክ ከሆነም ማጠቢያው ትልልቆቹን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም፤ እንቁላሉን በጥርስ ብሩሽ ፍቀው፣ ከሳምንት በኋላ ድገመው።

ምግብ፦ ማንም አላነሳውም፣ እኔ ግን ከማንጋኒዝ በፊት አስቀምጠዋለሁ። ጎኒዮፖራ በብርሃን ብቻ ወራት ይቆያል፣ ቀስ እያለም ይከሳል። በሳምንት ሦስቴ፣ ፖሊፑ በተከፈተበት ከሰዓት፣ ለኮራል የተዘጋጀ ደቃቅ ዱቄት ምግብ አንድ ቁንጥጫ በ20 ሚሊ የአኳሪየም ውሃ በጥብጥ፣ 5 ደቂቃ ይራስ። ዋናውን ፓምፕና ስኪመሩን አጥፋ። በስሪንጅ ከ5 ሳንቲ ርቀት፣ ሳትገፋው፣ እንደ ጭስ ልቀቅበት። ፖሊፖቹ ጣታቸውን ወደ መሐል ሲያጥፉ መብላታቸው ነው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ፓምፑንና ስኪመሩን አብራ። ስልክህ ላይ ደወል ሙላ፤ ስኪመር ጠፍቶ ሲረሳ በዚያ ከፍታ ዓሣው ጠዋት ከገጽ ላይ ሲያቃስት ታገኘዋለህ። የአርቴሚያ (ለዓሣ ምግብ የሚፈለፈል ትንሽ የጨው ውሃ እንስሳ) ጫጩት ግማሽ ሚሊሜትር ስለሚጠጋ ለብዙዎቹ ፖሊፖች ትልቅ ነው፤ ከእሱ የሚያንሰው ሮቲፈር የሚባለው ደቃቅ እንስሳ ከተገኘ ግን ከዱቄቱም ይሻላል።

ማንጋኒዝ፦ ብረትና ማንጋኒዝ ለቀይ ጎኒዮፖራ ይጠቅማሉ ይባላል፤ በጥቂቱ ብትጨምር አልቃወምም።

ሃያ አራት ጣት መለሰ፦

ስለ ጎኑ የተባለውን ተቀብያለሁ፣ ያንን አላየሁትም ነበር። ማንጋኒዙን ግን እቃወማለሁ። መጠኑ ቤት ውስጥ በሚገኝ ቴስት ኪት አይለካም፤ ያልለካኸውን ነገር መጨመር በጨለማ ድንጋይ መወርወር ነው። የሳምንቱ 10 ከመቶ ቅያሬ ከጨዉ ጋር የተወሰነ ያስገባል። መጀመሪያ ሙቀቱ፣ አልካሊኒቲውና ምግቡ ለ6 ሳምንት ይርጉ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትለውጥ ደግሞ፤ ዛሬ ጂኤፍኦውን፣ በነገታው ማሞቂያውን፣ አልካሊኒቲው 8.3 ሲደርስ የቀን መጠኑን። ኮራሉን የምታዛውረው ሙቀቱ ለ3 ቀን ከረጋ በኋላ ነው።

ሰንዳፋ 60 ጠየቀ፦

በዚሁ ላይ ልጠይቅ፣ ይቅርታ። ለኮራል አኳሪየም የሚዘጋጀው የሪፍ ጨው እየተወደደ ነው። የአፍዴራ ጨው 35 ግራም በሊትር ቢበጠበጥ ምን ይጎድለዋል? ሌላው፣ ጂቡቲ የሚመላለስ ዘመድ ኮራል ከባሕሩ ሊያመጣልኝ ይችላል፤ በፌስታል 10 ሰዓት ይቆያል?

ባለ ማጣሪያ መለሰ፦

የአፍዴራው የገበታ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 1290 ሚሊግራም ያህል ማግኒዥየም፣ 410 ካልሲየም፣ 7 ዲኬኤች ያህል አልካሊኒቲ አለው፤ በገበታ ጨው ብቻ የተሠራ ውሃ እነዚህ የሉትም። ጨዋማነቱ 35 ያሳያል፣ ኮራሉ ግን በቀናት ውስጥ ይሟሟል። የአርቴሚያ እንቁላል ለመፈልፈል ግን ደህና ነው፦ 25 ግራም በሊትር፣ 27 ዲግሪ፣ ጠንካራ አየር፣ 24 ሰዓት።

የጂቡቲው አይሆንም። ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ በሲአይቴስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት) ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ያለ መውጫ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ሕገወጥ ነው። ጎኒዮፖራ ጂቡቲየንሲስ የሚባል ዝርያ አለ፤ ስሙ ከእዚያው ነው፣ ግን በስሙ መቅረብ አያመጣውም። በፌስታል ስለሚመጣ ኮራል በጠቅላላው ግን፦ ፌስታሉ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሳል፣ የተጠራቀመው አሞኒያም ያኔ መርዝ ይሆናል። ለ2 ሰዓት በጠብታ ማላመድ ለረጅም ጉዞ የተሳሳተ ምክር ነው። ሳይከፈት 20 ደቂቃ አንሳፍፎ ሙቀቱን ማመሳሰል፣ ከፍቶ ጨዋማነቱን መለካት፣ ልዩነቱ ከ2 በታች ከሆነ ወዲያው ማዛወር።

ደጋ ላይ ባሕር ጻፈ፦

ጣቶቹ 24 ናቸው። ጂኤፍኦው ወጥቷል፣ ሁለት ባለ 150 ማሞቂያ ገብቶ ሌሊት 24.8 ይዟል። ኑዲብራንክም እንቁላልም የለም፤ ክላውንፊሾቹ ግን በትክክል በዚያ በተዘጋው ጎን ነው የሚያድሩት። በ36.5 ግራሙ ፈሳሽ ስፈትሽ ሪፍራክቶሜትሩ 37.5 አነበበ። እንግዲህ የእኔ 35 በእርግጥ 32.5 ነበር ማለት ነው? በቀን 3 ሊትር ይተናል፤ የሚተካው በአርኦ ውሃ ነው።

ባለ ማጣሪያ መለሰ፦

አዎ፣ 32.5 ግድም። ብሎኑን አዙረው በዚያው ፈሳሽ 35 ላይ ያስተካክሉት። ጨው በቀጥታ አኳሪየሙ ውስጥ አይግባ። የሚተነውን 3 ሊትር በአርኦ ሳይሆን 35 በሆነ፣ አንድ ሌሊት በተናጠ የጨው ውሃ ይተኩ። በየቀኑ 105 ግራም ጨው ያስገባል፣ ይህም ግማሽ ነጥብ ያህል ነው፤ በ5 ቀን 35 ይደርሳሉ፣ ከዚያ ወደ አርኦው ይመለሱ። በየማታው ይለኩ፤ በበጋ ትነቱ ስለሚጨምር በ4 ቀንም ሊደርስ ይችላል። ለትነቱ መተኪያ ተንሳፋፊ ቫልቭ ካለዎት ለእነዚያ ቀናት ዝጉት።

ክላውንፊሾቹን ለማስጣል የተቦረቦረ ሰፊ የፕላስቲክ ቅርጫት ኮራሉ ላይ ለ2 ሳምንት መድፋት ይቻላል፤ ብርሃንና ውሃ የሚያስገባ ይሁን፣ ሥጋውንም አይንካ። በሌላኛው ጫፍ የሸክላ ድስት ስባሪ ቢቀመጥላቸው ብዙ ጊዜ ወደዚያ ይዞራሉ። ስባሪው ቀለም ያልተቀባ ይሁን።

ሃያ አራት ጣት መለሰ፦

አንድ ነገር ላክልበት። የምትጨምረው የጨው ውሃ አልካሊኒቲም ይዞ ይመጣል። 32.5ን 35 ለማድረስ 550 ግራም ጨው ይገባል፤ ጨውህ 35 ላይ 8 ዲኬኤች የሚሰጥ ከሆነ ከ0.5 በላይ በራሱ ያነሳልሃል። ስለዚህ በእነዚያ 5 ቀናት የሶዳውን 48 ሚሊ ወደ 35 አውርደው፤ 18 ጠዋት፣ 17 ማታ። በ6ኛው ቀን ለካና ወደ 48 ተመለስ። ካልሲየም አሁን አትጨምር፤ 430 የነበረው ጨዋማነቱ 35 ሲደርስ 460 ያህል ይሆናል፤ በዚያ ላይ ለሁለት ሳምንት ይበቃሃል።